ያመለጠን ባለ 16 ኮር

825 ዶላር ነበር። የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ «ሮም» ብሎ የሰየመውን ሁለተኛውን የኢፒክ ሰርቨር ፕሮሰሰር ትውልድ ነሐሴ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በገባችበት ዕለት ለገበያ ሲያወጣ፣ 7302ፒ ለሚባለው ፕሮሰሰር የተመነው ዋጋ ይኸው ነው። 16 ኮር፣ 3.0 ጊጋኸርዝ መነሻ ፍጥነት፣ 128 ሜጋባይት ካሽ። የዚያን ሰሞን ዶላር በባንክ 29 ብር ገደማ ነበር። ማባዛት የሚወድ ያባዛው፤ 24 ሺህ ብር አይሞላም። ዛሬ ያው 825 ዶላር፣ በ150 ብር ሂሳብ፣ ከ123 ሺህ ብር ያልፋል።

እርግጥ ይህ ፋብሪካው በጅምላ ለሚወስድ ደንበኛ ያወጣው የዝርዝር ዋጋ ነው። አዲስ አበባ እስኪደርስ ማጓጓዣው አለ፣ የአስመጪው ትርፍ አለ፣ 15 በመቶ ቫት አለ። ፕሮሰሰር ለብቻው ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚሄድም የለም። ለማነጻጸር ግን ይህ ይበቃል፤ ተፎካካሪውም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነውና። ተፎካካሪው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የወጣው ኢንቴል ዚኦን ሲልቨር 4208 ነው። 8 ኮር፣ 2.1 ጊጋኸርዝ፣ 11 ሜጋባይት ካሽ፣ ዋጋው 417 ዶላር። በዚህኛው 16 ኮር የፈለገ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ይሰካና 834 ዶላር ይከፍላል። እንግዲህ በ9 ዶላር የሚለያዩ ሁለት ዓይነት 16 ኮሮች ነበሩ ማለት ነው።

የሚቆጨኝ የብሩ መውረድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሀገሬው ጋር እኩል አዝኜ ዝም እል ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በሰርቨር ገበያ የተሻለው ዕቃ ርካሹም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ለወትሮው ጥሩውን የፈለገ ጨምሮ ይከፍላል። በ2011 ማብቂያና በ2012 መጀመሪያ ግን ሦስት ነገር በአንድ ወቅት ገጠመ። ፕሮሰሰሩ ወጣ፣ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ዓመቱን ሙሉ ሲወርድ ከርሞ ነበር፣ ብራችንም ገና አቅም ነበረው። እንደኛ ዶላር ለሚቸግረው፣ መብራት በፈረቃ ለሚያገኝ አገር ከዚህ የተሻለ ገበያ ከየት ይመጣል? እኛ ግን ቁጭ ብለን ስም ስናወዳድር አለፈን።

ያን ጊዜ የምሠራው በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ መብራት አካባቢ በነበረ አንድ የግል አከፋፋይ ድርጅት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነበር። ከድርጅቱ ወጣ ሲሉ ያለው የክፍለ ከተማው የተለመደ ትርምስ ነው፤ ወደ ጀሞ የሚጎተተው ታክሲ፣ ከፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ በኩል የሚመጣው ጭነት፣ ወደ ሃይሌ ጋርመንት የሚያቀናው ሲኖትራክ። ሰርቨር ክፍላችን ከደረጃው ሥር የነበረች ጠባብ ክፍል ስትሆን ሦስት ያረጁ ማሽኖች ነበሩባት። በየአንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ሁለት ኢንቴል ዚኦን ኢ5-2620 ተሰክተዋል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣ፣ ባለ 6 ኮር፣ 2.0 ጊጋኸርዝ፣ 95 ዋት። ስድስቱ ፕሮሰሰሮች ሲጠመዱ ለብቻቸው እስከ 570 ዋት ይወስዳሉ። ዲስኩ፣ ራሙ፣ ማራገቢያው አልተቆጠረም። ያ ሁሉ ዋት መልሶ ሙቀት ይሆናልና እሱን የሚያስወጣ ኤሲ ያስፈልጋል፤ ኤሲውም ይበላል። ሁለቱንም ደግሞ ዩፒኤስና ጄነሬተር ይሸከማሉ።

2011ን ያስታወሰ ሰው ይህ ለምን እንደሚያሳስብ አይጠይቀኝም። ግንቦት ላይ የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ወርዶ አገሩ ሁሉ ፈረቃ ውስጥ ገባ፤ ሰኔ እስኪያልቅ መብራት በቀን ለሰዓታት ይጠፋ ነበር። በነዚያ ሳምንታት የኛ ጄነሬተር የሚጠጣው ናፍጣ የመኪኖቻችንን ያህል ሆኖ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። ፈረቃው በተነሣ በአንድ ወሩ ነው እንግዲህ ያ 155 ዋት የሚወስደው ባለ 16 ኮር ብቅ ያለው። ከሦስቱ አሮጌ ማሽኖች ሁለቱን ለዘለዓለም ያስተኛልን ነበር። ሦስተኛውንም ለመጠባበቂያ እናቆየው ነበር።

«ደመና ላይ አትሰቅሉትም ነበር?» የሚል አይጠፋም። በዶላር የሚከፈል ወርኃዊ ኪራይ በየትኛው ካርድ? ኢንተርኔቱስ? የድርጅቱ ሂሳብ ሥራ በፒችትሪ ነው፤ ብዙ የአዲስ አበባ ነጋዴ በዚያ ፕሮግራም ነው ሂሳቡን የሚዘጋው። የመጋዘን ፕሮግራሙ፣ የፋይል ሰርቨሩ፣ የደኅንነት ካሜራው ቅጂ፣ ሁሉም በግቢው ሽቦ ላይ መኖር ነበረበት። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ሥራው ሳይቆም የዋለው ማሽኑ በቤቱ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቨር መግዛታችን ትክክል ነበር።

ጥቅምት 2012 ላይ ሁለት ፕሮፎርማ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ኤችፒ ዲኤል380 ሲሆን ውስጡ ሁለት 4208 አለው። ሁለተኛው ዲኤል325፣ ቀጠን ያለ፣ አንድ 7302ፒ ብቻ። የራሙና የዲስኩ መጠን እኩል ነው። ማነጻጸሪያውን ሰንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ኮሚቴው እንዲገባው ብዬ ከቁጥር ይልቅ ሥራን አስቀድሜ ጽፌ ነበር። ያ ሰንጠረዥ አሁንም አለኝ፤ ሳየው ነው የሚብሰኝ።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች በአንድ ምት የሚሠሩት ሥራ ተቀራራቢ ነው፤ ያኔ የነበረው የኢንቴል ኮርና የሮም ኮር በአንድ ፍጥነት ቢነዱ ብዙ አይበላለጡም። ስለዚህ ኮር በፍጥነት ማባዛት ሻካራ ቢሆንም አያሳስትም። 16 በ2.1 ሲባዛ 33.6፤ 16 በ3.0 ሲባዛ 48። ከ40 በመቶ በላይ ልዩነት ነው፣ በዚያው ገንዘብ። «ዚኦኑ ቱርቦ አለው፤ 3.2 ይደርሳል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይደርሳል፤ ነገር ግን ያን የሚያደርገው ጥቂት ኮር ብቻ ሲሠራ ነው። ሁሉም ሲጠመዱ ከዚያ ወርዶ ወደ መነሻው ይጠጋል። ሰርቨር ደግሞ የሚፈለገው ሁሉም በሚጠመዱበት ሰዓት ነው። ወር መጨረሻ ላይ ሂሳብ ክፍሉ ቫት ሊያሳውቅ ሲራኮት፣ መጋዘኑ ቆጠራ ሲያስገባ፣ ካሜራው ሲቀዳ።

ለፒችትሪ ለብቻው ብዙ ለውጥ አልነበረም፤ ይህን በሰንጠረዡ ላይ ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ። ያ ፕሮግራም አንድን ሥራ በአንድ ኮር ላይ የሚገፋ የድሮ ሰው ነው። 32 ኮር ቢሰጡት 31ዱን አያያቸውም። ለሱ የሚበጀው የአንዱ ኮር ፍጥነትና ፈጣን ዲስክ ነው፤ በዚያ በኩል 3.3 ከ3.2 ጋር ቢፎካከር ማን ልብ ይለዋል? ጥቅሙ የሚታየው ፒችትሪ ብቻውን ባልሆነ ሰዓት ነው።

ካሹ ግን ያስገርም ነበር። በዚኦኑ 8 ኮሮች 11 ሜጋባይት ይጋራሉ። በኢፒኩ ለእያንዳንዱ ሁለት ኮር 16 ሜጋባይት ተመድቦለታል። ዳታቤዝ ደጋግሞ የሚነካውን መረጃ ራም ድረስ ሳይሄድ ከአጠገቡ ያገኘዋል ማለት ነው። ራምን በሚመለከት ሁለቱ ዚኦኖች ተደምረው 12 ቻናል ስላላቸው በድምሩ በመጠኑ ይበልጣሉ፤ 230 ጊጋባይት ገደማ በሰከንድ፣ ኢፒኩ 205። ዳሩ ግን ያ 230 ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንደኛው ፕሮሰሰር ያለ ሥራ ከሌላኛው ጎን ያለውን ራም ሲፈልግ በመካከላቸው ያለውን ድልድይ መሻገር አለበት፤ እያንዳንዱ መሻገር ጊዜ ይበላል። ኢፒኩ 8 ቻናሉን በመሀል ባለ አንድ ክፍል በኩል ለሁሉም ኮር ያደርሳል።

ስብሰባው ግን ስለዚህ ሁሉ አልነበረም።

የግዢ ኃላፊያችን በዕድሜ የገፉ፣ የተከበሩ፣ በእጃቸው ሳንቲም የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ሰንጠረዡን አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ በአንድ በሬ ታርሶ ያውቃል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ለብቻው 16 ኮር ነው። ያኞቹ ሁለቱ ተደምረው 16 ናቸው።»

«ገብቶኛል። አንዱ ቢሞትስ? ሌላው ይሠራል። ይኼ ከሞተ ምን ልትይዝ ነው?»

ይህ ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚጣፍጥና ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተ ነበር። ባለ ሁለት ሶኬት ሰርቨር አንዱ ፕሮሰሰር ሲሞት ሁለተኛው አይቀጥልም፤ ማሽኑ እንዳለ ይቆማል። ተነቅሎ በቀረው እንዲነሣ ቢደረግ እንኳ በሞተው በኩል የተሰካው ራምና ካርድ አብሮት ይቀራል። ደግሞስ ፕሮሰሰር መቼ ሞቶ ያውቃል? በኛ ከተማ የሚሞተው ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ዲስክ ነው፣ ማራገቢያ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅና የለቡ አቧራ የሚገድሉት እነሱን ነው። ይህን ተናገርኩ። «እሺ የኔ ልጅ» አሉ። በኛ አገር ትልቅ ሰው ለልጅ «እሺ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

የፋይናንስ ኃላፊዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «የትኛው ይረክሳል?» አሉ። በፕሮሰሰሩ ልዩነቱ 9 ዶላር መሆኑን ስነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው አባዙት። «ታዲያ በ261 ብር ነው እንዲህ የምትጨቃጨቁት?» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ያ ሳቅ ነው ዛሬ አንጀቴን የሚበላው። እሳቸው እውነታቸውን ነበር፤ በመግዣው ቀን ልዩነቱ 261 ብር ነው። ጥያቄው ግን በመግዣው ቀን ስንት ይረክሳል የሚለው አልነበረም። ማሽኑ 7 ዓመት ሲኖር ስንት ይበላል፣ ስንት ያስከፍላል፣ ምን ያህል ያድጋል የሚለው ነበር። ያንን የሚጠይቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሳጥንም በቅጹ ላይ አልነበረም።

ነገሩን የጨረሰው ስፔሲፊኬሽኑ ነው። በ2004 ከተገዙት ማሽኖች ሰነድ ላይ ቃል በቃል የተገለበጠ ነበር። «ኢንቴል ዚኦን፣ ሁለት ፕሮሰሰር» ይላል። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የመንግሥት የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 እንኳ የንግድ ምልክት ጠርቶ መጫረትን አይፈቅድም ነበር፤ ዕቃውን በሌላ መንገድ መግለጽ ካልተቻለና ስሙ ከተጠራም «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል እንዲታከልበት ያዝዝ ነበር። የኛ የግል ድርጅት ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ዲኤል325 «ከስፔሲፊኬሽን ውጪ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተሰረዘ። ተወዳዳሪ አንድ ብቻ ስለቀረ ደግሞ ፕሮፎርማው እንደገና እንዲሰበሰብ ተወሰነ። ከሁለት ያጣ ሆንን፤ የተሻለውን ጣልን፣ ያኛውንም በወቅቱ አልገዛን።

ለኢንቴል ወገን የሚከራከሩ ሰዎች ያነሷቸው ነጥቦች ሁሉ ከንቱ ነበሩ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው እውነተኛ ነጥብ ይህ ነው፦ አሮጌዎቹ ማሽኖች ኢንቴል ናቸው፤ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ሳይጠፋ መሻገር አይችልም። መጥፋትና እንደገና መነሣት አለበት። ትልቅ ባንክ ቢሆን ኖሮ ያሳስባል። እኛ ግን እሑድ እሑድ በሩን ቆልፈን የምንሄድ ሰዎች ነን፤ አንድ እሑድ ይበቃን ነበር። ሁለተኛው፣ ሮም መሀሉ ላይ ያለው ክፍል ሥራ በሌለበት ሰዓትም ዋት ይበላል። እውነት። ሌሊት ሌሊት ዚኦኑ ይቆጥብ ይሆናል። ሦስተኛው የመለዋወጫ ነገር ነው። የዲኤል380 መለዋወጫ በየሱቁ አለ፤ የዲኤል325 ብዙም አልነበረም። ይህኛውን ስሰማ መልስ አጥሬ ነበር። ደግነቱ ፓወር ሰፕላዩና ዲስኩ ከዚያው ቤተሰብ ነው።

የቀረው ግን ወሬ ነበር፤ «ኤኤምዲ ይሞቃል» የሚል። ይህ ወሬ ሥር አለው። ኤኤምዲ በሚያዝያ 1995 ኦፕተሮንን ይዞ ሰርቨር ገበያ ሲገባ ኢንቴልን አስደንግጦ ነበር። 64 ቢቱን በአሮጌው ፕሮግራም ላይ ያለ ጣጣ ያስኬደው እሱ ነው፤ ኢንቴል ራሱ በዓመቱ ተከተለው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰርቨር ገበያው ሩቡን ያህል ይዞ ነበር። ከዚያ በ2004 መጀመሪያ የመጣው ቡልዶዘር ትውልድ ተዝረከረከ፤ ጅብ የሚያህል ዋት እየበላ ሥራው አነሰ። ኢፒክ እስኪመጣ ድረስ በሰርቨር ገበያ ስሙ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። አዲስ አበባ የቀረው ትዝታ ያ ክፉው ዘመን ነው። ዕቃው ተለወጠ፣ ወሬው አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፤ ስዘረዝረው ስለማይመቸኝ። ሁለተኛው ፕሮፎርማ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ ወደ አሮጌዎቹ ማሽኖች በርቀት ሲገባ ማሽኖቹ ታነቁ። የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ረዘመ። ኤልሲው ተከፍቶ ዕቃው ሲገባ አዲሱ የብር ኖት በወጣበት መስከረም 2013 ላይ ደርሰን፣ ዶላሩ 36 ብር አልፎ ነበር። የገባውም ያው ነው፤ ሁለት 4208። 29 ላይ ልንገዛው የምንችለውን የተሻለ ዕቃ ትተን፣ 36 ላይ ያነሰውን ገዛን። ይህንን ነው እንግዲህ «ጥንቃቄ» ያልነው።

ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል። እኔም እንዲያ ብዬ ልረሳው ምንም አልቀረኝም ነበር። ይሁንና የተውነው ዕቃ እያደር ዋጋው ይጨምር ጀመር፤ የኛው ደግሞ እያደር ዕዳው።

መጀመሪያ የላይሰንስ ነገር መጣ። (በከተማችን ላይሰንስ የሚባል ነገር ትዝ የማይለው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የምናገረው ለሚከፍለው ነው።) ዊንዶውስ ሰርቨር በኮር ነው የሚያስከፍለው፤ ለአንድ ሰርቨር ትንሹ 16 ኮር ነው። በዚያ በኩል ሁለቱ ዕቃዎች እኩል ናቸው። ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ቪኤምዌር ግን ያኔ የሚቆጥረው ሶኬት ነበር። በ2012 ደንቡን ሲያሻሽል እንኳ እስከ 32 ኮር ያለውን አንድ ፕሮሰሰር በአንድ ላይሰንስ ያስተናግድ ነበር። ለየሰርቨሩ ለብቻው ላይሰንስ ለሚገዛ ሰው ባለ አንድ ሶኬቱ አንድ ላይሰንስ፣ ባለ ሁለት ሶኬቱ ሁለት። ከዚያ ኅዳር 2016 ላይ ብሮድኮም ቪኤምዌርን ጠቀለለው። በወሩ የዘለዓለሙን ላይሰንስ አቁሞ በኮር የሚከፈል ዓመታዊ ክፍያ አደረገው፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ደግሞ ትንሹ 16 ኮር ነው አለ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስላው። ባለ 8 ኮሩ 4208 እንደ 16 ይቆጠራል። ሁለት ስለሆኑ 32። 16 ኮር ይዞ የ32 ይከፍላል። ያ አንድ ኢፒክ ቢሆን 16 ይዞ የ16 ይከፍል ነበር። ሁለተኛው በሬ አላረሰም፤ ገፈራ ብቻ በላ።

እኛ ያንን ላለመክፈል በነፃ ወደሚገኘው ፕሮክስሞክስ ዞርን፤ ዞሮ ዞሮ ተገላገልን። ሁለት ወር የፈጀ ሥራ ሲሆን አጠገቤ ያሉት ወጣቶች ሌሊት ሌሊት ነበር የሠሩት። ተገላገልን ስል ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ።

ቀጥሎ የሶኬቱ ነገር አለ። ሮም የተሰካበት ኤስፒ3 የሚባለው ሶኬት ከመጀመሪያው የኢፒክ ትውልድ ጀምሮ ያው ነው። መጋቢት 2013 ላይ ሦስተኛው ትውልድ ሚላን ሲወጣም በዚያው ሶኬት ነው የመጣው። ስለዚህ በ2012 ባለ 16 ኮሩን የገዛ ሰው ቦርዱና ባዮሱ ከፈቀዱለት ሳጥኑን፣ ራሙን፣ ዲስኩን ሳይነካ ፕሮሰሰሩን ብቻ ነቅሎ ባለ 32 ወይም ባለ 64 ይሰካል። ትልልቆቹ የደመና ኩባንያዎች የሮም ማሽኖቻቸውን መጣል ከጀመሩ ወዲህ ባለ 64 ኮሩ በሁለተኛ እጅ ገበያ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። (ዴል ሰርቨር ላይ የተሠራበት ኢፒክ ብዙውን ጊዜ ከዴል ቦርድ ጋር ተቆልፎ ይቀራል፤ የሚገዛ ሰው ይህን ጠይቆ ይግዛ።) የኛዎቹ 4208ዎች የተሰኩበት ሶኬት ለመደበኛ ሰርቨር ጣሪያው 28 ኮር ነው፤ ኢንቴል ቀጣዩን ትውልድ በሌላ ሶኬት አወጣው። ከዚያ በላይ የፈለገ ሙሉ ማሽን ይግዛ ነው ነገሩ። ሙሉ ማሽን ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ በዚያ ላይ ዘንድሮ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንሱ ግንባታ የዓለምን ራም ጠራርጎ ዋጋውን ከሰቀለው በኋላ፣ ለመካከለኛ ድርጅት ቤት እንደመግዛት ሆኗል። በ2012 በርካሽ ሞልተን ልናስቀምጠው የምንችለው ራም!

አንዳንዴ ቁጭቴ ከኛ ቢሮ ያልፋል። በ2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ20 በላይ ከሚሆኑ የቢትኮይን ቆፋሪ ኩባንያዎች ጋር ውል መግባቱ ሲዘገብ፣ አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ። ሰዎቹ እንዴት እንደሚያስቡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የማሽኑን ስም አይጠይቁም። ለአንድ ቴራሃሽ ስንት ጁል ይበላል ብለው ይጀምራሉ፤ ኤስ19 ፕሮ የሚባለው መቆፈሪያ ማሽን ወደ 30፣ ኤስ21 የሚባለው 17.5። ቁጥሩ ካልጣማቸው ትናንት በሚሊዮን የገዙትን ዛሬ ነቅለው ይጥሉታል። የሚሠሩት ሥራ ምን ይረባል የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔም ብዙ አልወደውም። ነገር ግን በኛው ግድብ መብራት፣ በኛው ምድር ላይ፣ ዋትን በሥራ አካፍሎ መግዛትን እንደዚያ የሚያውቁ ሰዎች ኮንቴይነራቸውን ሲደረድሩ፣ እኛ ደግሞ ሁለት ፕሮሰሰር አቅርበውልን በበሬ ቆጠራ ስንፈርድ ሲታየኝ ደሜ ይፈላል። መብራቱ የኛ፣ ሂሳቡ የነሱ!

ያንን ቢሮ ብቻ መውቀስም አይሆንልኝም። ከዚያ ወዲህ በሥራ ምክንያት ከሳሪስ እስከ መካኒሳ፣ ከጎፋ እስከ ሃና ማርያም ብዙ ሰርቨር ክፍል ገብቻለሁ፤ አንዳንዱ ከደረጃ ሥር ነው፣ አንዳንዱ መጸዳጃ ቤት የነበረ ነው። የ2012 እና የ2013 ማሽን ባገኘሁ ቁጥር ክዳኑን ከፍቼ የማየት ልማድ ያዘኝ። ሁለት ሶኬት፣ ሁለት ትንንሽ ሲልቨር፣ ራሙ በግማሹ የተሰካ። ሌላ አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱን ሳይ ያ ዓይነት ስብሰባ ይታየኛል፤ ያው መነጽር፣ ያው ስልክ፣ ያው ሳቅ። በየቢሮው የሚገዛው ገንዘብ ጥቂት ነው። ተደምሮ ግን አገሪቱ በወረፋ ያገኘችው ዶላር ነበር፤ በዚያው ዶላር እስከ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ማስገባት ይቻል ነበር።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ፋሲካ ቤታቸው ሄጄ ስለ ማሽኖቹ ጠየቁኝ፤ ደኅና ናቸው አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ አልሞቱም። አንዱም ሳይሞት 6 ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ዘንድሮ ድርጅቱ እንዳማክረው ጠርቶኝ የአዲሱን ግዢ ረቂቅ ስፔሲፊኬሽን ላከልኝ። የመጀመሪያው መስመር «ኢንቴል ዚኦን፣ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ከ2.1 ጊጋኸርዝ ያላነሰ» ይላል። ከ2012ቱ ሰነድ የተገለበጠ ነው፤ የፊደል ስሕተቱ እንኳ አልተነካም። በእስክሪብቶ ሠርዤ በምትኩ ስንት ሠራተኛ እንደሚጠቀም፣ ስንት ቨርቹዋል ማሽን እንደሚሠራ፣ ዩፒኤሱ ስንት ዋት እንደሚችልና ላይሰንሱ በምን እንደሚቆጠር ጻፍኩ፤ ከጎኑም ከአንድ አስመጪ የተቀበልኩትን ባለ አንድ ሶኬት ፕሮፎርማ አያያዝኩ። ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ ዋጋው የሚጸናው ለ3 ቀን ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። የግዢ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ወር ነው።